ብርድ ልብስ የለበሰው ሚክሰር

«ላላጠፋሁት ይቅርታ አልጠይቅም» አለች ናዝራዊት።

መምህር ሰይፈሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የፊዚክስ መምህርና የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኃላፊ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንዴ ከአፋቸው የወጣን ነገር መመለስ ግን ሞታቸው ነው። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው እንደተሰቀለ፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት፣ «ናዝራዊት የተባለች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የትምህርት ቤታችንን የድምፅ ሚክሰር ሻይ ደፍታበት አበላሽታዋለች» ብለው ተናገሩ። ዓርብ ጠዋት እዚያው ሰልፍ ፊት ወጥታ ይቅርታ ካልጠየቀች ከክበቡ ትባረራለች። ዜና ማንበብ ደግሞ ለናዝራዊት እህል ውሃዋ ነው።

የሚገርመው፣ መምህሩ ይህን የተናገሩት በዚያው «ተበላሸ» በተባለው ሚክሰር ነው! ጠዋት ጠዋት እንደ ጉድ ይሠራል። ረፋዱ ላይ ነው ድምፁ ጥፍት የሚለው።

ሻዩን ክበቡ ውስጥ ይዛ የገባችው ምሥራቅ ናት፣ የልብ ጓደኛዋ። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ፈሰሰ፤ ሚክሰሩ ጋ እንኳ አልደረሰም። «ማነው የደፋው?» ሲባል ግን ምሥራቅ ደነገጠችና «ናዝራዊት ናት» አለች። ናዝራዊት እንዴት እንደተናደደች! ቢሆንም «እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም» ብትል ያው ሻይ ነው ያበላሸው ማለት ነው። ሻይ አይደለማ!

«ሻይ ቢሆን ኖሮ ጠዋትም አይሠራም ነበር» አለች። «ሲሞቅ ነው የሚዘጋው፣ ቲቸር። ውስጡ ሙቀት የማይችል ቺፕ አለ። ነገ በምሳ ሰዓት ላሳይዎት።»

«ካልሆነስ?»

«ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተንበርክኬም ቢሆን።»

አፏ እንደዚህ የደፈረው ያየችውን ስለምታውቅ ነው። አክስቷ ዘርፈሽዋል ጠባሴ ሰፈር ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ትጠግናለች። ሲሞቅ የሚዘጋ ዕቃ ሲመጣላት ክዳኑን ከፍታ፣ እስኪዘጋ ትጠብቅና፣ ከማቀዝቀዣ ስፕሬይ ጣሳ በቀጭን ቱቦ አንድ ቺፕ ላይ ብቻ ትነፋለች። ዝም ካለ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የታመመው ቺፕ ሲቀዘቅዝ ግን ዕቃው ወዲያው ነፍስ ይዘራል። አክስቷ ሊያልቅ የደረሰውን ጣሳ ሰጠቻት፤ ቆጥባ እንድትነፋና ኤሌክትሪኩ በሚገባበት በኩል እጇን እንዳትሰድ አጥብቃ አስጠነቀቀቻት።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ክፍሉ ጢም አለ። ምሥራቅም ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ሚክሰሩ እንደ አራስ ብርድ ልብስ ተከናንቧል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ዕቃውን እንዳይጎዳው ብለው መምህር ሰይፈሥላሴ ራሳቸው ከቤታቸው ያመጡለት ነው። ማታ ይለብሳል፤ ቀንም ማዞሪያዎቹ ብቻ ብቅ ብለው እንደተሸፈነ ይውላል። ማንም «ለምን?» ብሎ አያውቅም፤ በዚህ ከተማ ማን ብርድ ልብስ ይገፋል?

ከስልክ ዘፈን ከፍተውበት ጠበቁ። እንደልማዱ ድምፁ ተቆረጠ። ናዝራዊት ብርድ ልብሱን ገልጣ ክዳኑን ፈታችና ትልቁ ቺፕ ላይ ነፋች። እሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነበረች። ቺፑ ነጭ በረዶ ለበሰ፤ ስፒከሩ ግን ጭጭ። ሁለተኛውም ላይ ነፋች። ምንም የለም።

«አይስክሬም ነው እንዴ የምትሠሪው?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ክፍሉም ሳቀ።

ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ጣሳው ቀሏል፣ ፉጨቱም እየሰለለ ነው። የት ነው የተሳሳትኩት ብላ ክዳኑን ገልብጣ ስታይ፣ በአንድ በኩል ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በብርድ ልብሱ ብናኝ ድፍን ብለዋል፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ልክ ከእነሱ ሥር አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። ቱቦውን አስጠግታ ነፋችባት።

ስፒከሩ ኩርር አለና ዘፈኑ ከመሃል ቀጠለ።

ቺፗ ስትሞቅ ድምፁ እንደገና ጠፋ። አሁን ጣሳውን መምህር ሰይፈሥላሴ ተቀብለው ራሳቸው ነፉ፤ ዘፈኑ ተመለሰ፣ የእሳቸውም ፊት እንደ ልጅ በራ። ቀጥሎ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች አዩ፣ ከዚያ ብርድ ልብሳቸውን። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

«ጎበዝ፣ ተገኘ» አሉ ቶሎ ብለው። «ቺፑ ይቀየራል። ይቅርታውም ቀርቶልሻል። ነገሩን እዚሁ እንዝጋው።»

ተጨበጨበ። ምሥራቅ መሬት መሬት ታያለች። የሻዩን ነገር ናዝራዊት አላነሳችም፤ እሱን ሁለቱ ብቻቸውን ይነጋገሩበታል። «ቀርቶልሻል» የሚለው ቃል ግን አንገበገባት። ስሟ የጠፋው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው እንዴ? ከሰኞ ጀምሮ ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው ልጆች «ሻይ ደፊዋ» እያሉ ይጠቋቆሙባታል።

ዓርብ ጠዋት ሜዳው ላይ ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኗል። ተማሪው እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ተሰልፏል። መምህር ሰይፈሥላሴ ማይኩን አምጥተው ናዝራዊት እጅ ላይ አኖሩላት።

«የዛሬውን ዜና አንቺ አንብቢ» አሉ ፈገግ ብለው።

ማይኩን ያዘችው። በረጅሙ ስትተነፍስ ትንፋሿ በስፒከሩ ሜዳውን ሞላው። ዜናውን አንብባ ብትወርድ ሁሉም ይረሳል፣ መምህሩም ይወዷታል።

«እንደምን አደራችሁ» አለች። «ዜናው ከመነበቡ በፊት፣ ሰኞ ዕለት ስለ ሚክሰሩ የተባለውን መምህር ሰይፈሥላሴ ያስተካክሉልናል።»

ማይኩንም ዘረጋችላቸው።

መምህሩ ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። «አንቺ ልጅ፣ አንብቢ ብዬሻለሁ» አሉ በለሆሳስ። እሱም በስፒከሩ ተሰማ።

ናዝራዊት ክንዷ ዛለ። ማይኩን ግን አላወረደችም።