ያልታየው ተውኔት

የደበበ አስከሬን የተገኘው ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዲላ ከተማ ውስጥ ካለው ቢሮው የኋላ ደረጃ ሥር ነው። ያገኘችው ረዳቱ ማርቲ ነበረች። ጭንቅላቱ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል፤ ስልኩ ግን ላይ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ከተውኔት ቲኬት አጠገብ ተቀምጧል።

ደበበ የአመራር አሠልጣኝ ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በቴሌግራም ደብዳቤ ይልካል። መጀመሪያ ሳምንቱ ያስተማረውን ያወጋል፤ ቀጥሎ የሚነበብ መጽሐፍ፣ የሚደመጥ ዘፈን፣ የሚታይ ተውኔት ይጠቁማል። የዛሬውም በሰዓቱ ወጥቷል። እንግዲህ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በሕይወት ነበር ማለት ነው፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ያለው ይህንኑ ነው።

ኢንስፔክተር መነን የሟቹን ክንድ ለማጠፍ ሞከረች። እንደ እንጨት ደርቋል። ሐኪሙም የሞተው ትናንት አመሻሽ ላይ መሆኑን ነገራት። ስልኩን ስታስመረምር ደግሞ ደብዳቤው ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ተጽፎ፣ ጠዋት በራሱ እንዲወጣ ሰዓት ተሞልቶለት ተገኘ።

ቂም አላቸው የተባሉት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ማርቲ ሥራዋን ልትለቅ ከደበበ ጋር ተጨቃጭቃለች። የኮንጋ ቡና ማጠቢያ ኃላፊ ተሻለ በሥልጠና ላይ በሠራተኞቹ ፊት ተዘልፏል። ሦስተኛው መምህር ኪዳነወልድ ነው።

መነን ወደ እርሱ ቤት ያመራችው እያመነታች ነው። ከወር በፊት ደበበ በደብዳቤው «የተማሪውን ጥናት በስሙ ያሳተመ መምህር» ሲል ጽፎ ነበር። ስም ባይጠራም ዲላ ማንነቱን አላጣችውም። ኮሌጅ ሳለች ያስተማራት እርሱ ነው። ያም ሆኖ ደብዳቤውን ስቃበት ለአሥራ ስድስት ሰው አስተላልፋዋለች።

መምህሩ መጋረጃውን ሳይገልጥ ተቀበላት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ኪዳን ሲያደርስ እንደነበረና ካህኑ እንዳዩት ሳትጠይቀው ነገራት።

«ትናንት ማታስ፣ መምህር?» አለችው።

«ቤቴ ነበርኩ። የት እሄዳለሁ? ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ይህን ደጅ ያንኳኳሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ዓይኑን ማየት አልቻለችም። ማስታወሻዋ ላይ ያቀረቀረችው የምትጽፈው ኖሯት አልነበረም።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም በደበበ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«የዛሬው ደብዳቤ» አለች፣ «‹ትናንት ከሰዓት በኋላ በባህል አዳራሹ ያየሁትን ተውኔት እናንተም እዩት› ይላል። ማርቲ፣ ትናንት ከደበበ ጋር ተውኔቱን አይታችኋል?»

ማርቲ «አላየንም» አለች። ዋናዋ ተዋናይ ታማ ከበር ተመልሰው ነበር።

«ደበበ ያላየውን አየሁ አይልም። ደብዳቤውን የጻፈው ጠረጴዛው ላይ ቲኬቱን ያየ፣ ተውኔቱ መቅረቱን ግን ያልሰማ ሰው ነው። ማርቲ በሩ ላይ ነበረች። አቶ ተሻለ ተውኔቱን ሊያዩ ከኮንጋ በሞተር መጥተው ከበሩ በከንቱ ተመልሰዋል፤ እስኪመሽም ሻይ ቤት ከሰው ጋር ሲያማርሩ ቆይተዋል። ከተማው በሙሉ ሰምቷል።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ያልሰማው ወሬ የሚነግረው ሰው ያጣ ብቻ ነው። የጠዋቱ ምስክር የሚጠቅመውም እርሱን ነው።»

ኪዳነወልድ አልካደም። ሊለምነው መጥቶ እንደነበር፣ ደበበ ስልኩ ላይ ደብዳቤውን ሲያርም እንዳገኘው፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሱን ስም እንዳነበበ ቀስ እያለ ተናገረ። ስልኩን ሊነጥቀው የኋላ ደረጃው አፋፍ ላይ ተናነቁ፤ ገፈተረው። የተጻፈውን አንብቦ ሳይጨርስ አጥፍቶ የራሱን ተካ።

ማርቲ ማልቀስ ጀመረች። ደበበ ረቂቁን ፊደል እንድታርምለት አስቀድሞ ልኮላት ነበር። ጠዋት ሌላ ደብዳቤ መውጣቱን ብቻ አይታ ሐሳቡን የለወጠ መስሏት ዝም ብላለች። መነን እንድታነብበው አዘዘቻት።

«‹ዛሬ የመምህር ኪዳነወልድን ስም እጠራለሁ። ጥናቱን ከተማሪው ጋር አብሮ የሠራው እርሱ ነው። ተማሪው ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ሳላጣራ ጽፌ፣ የሰው ውርደት መማሪያ አደረግኩ። ያዋረድኩት በአደባባይ ነውና ይቅርታዬም በአደባባይ ይሁን።›»

መምህሩ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። መነን የእጅ ካቴናውን ይዛ ቆመች። በመጨረሻ እርሱ ራሱ እጆቹን ዘረጋላት።

ማርቲ ረቂቁን ምን ላድርገው ስትል ጠየቀቻት። መነን እንዳለ እንድትለጥፈው ነገረቻት።

እስኪመሽ ድረስ ሁለት ሺህ ሰው አነበበው። ለሌላ ያስተላለፈው ግን አንድም ሰው አልነበረም።