የሐሙስ ጉርሻ

«አፍሽን ክፈቺ እንጂ!»

ጉርሻው ከንፈሯ ላይ ደርሷል። ጣይቱ ወደ ኋላ ሸሸች። «በቃኝ እማዬ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ገና ሳትቀምሺ?»

እናቷ እልፍነሽ የምትሠራውም የምታድረውም ጣሊያናዊት አሠሪዋ፣ ሲኞራዋ ቤት ነው። ጣይቱ ወዳለችበት ወደ አክስቷ ቤት የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። አዲስ አበባ የቀረው ትልቁ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ፣ ጣይቱን በእጇ ሳታጎርስ ተመልሳ አታውቅም ነበር። አሁን ግን ጣይቱ እንቢ ስትል ይሄ ሦስተኛ ሐሙሷ ነው።

እልፍነሽ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው። እጇን አገላብጣ አየችና አሸተተችው።

«ዛሬስ በሎሚ ፈትጌው ነው የመጣሁት» አለች ቀስ ብላ። «አሁንም በረኪና በረኪና ይላል? አልፈርድብሽም ልጄ። የሰው ሽንት ቤት ሲያጥብ የዋለ እጅ ነው።»

ጣይቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እጁስ ምን አደረገ! ጉዱ ያለው እሷው አፍ ውስጥ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ከክፍል ጓደኛዋ ከሉዊዛ ጋር ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ እየሄዱ፣ ከአንድ የባንግላዴሽ ሰው ሱፓሪ የሚባል የተከተፈ ጣፋጭ ፍሬ ይገዛሉ። «አታካብጂው ባክሽ፣ እንደ ማስቲካ ነው» ብላት ነበር ሉዊዛ። መጀመሪያ ጭንቅላቷን ሞቅ አደረጋት። ቆይቶ ሳታኝክ መዋል አቃታት። ከዚያ በርበሬ እንደ እሳት ይለበልባት ጀመር። ጉንጯ ከውስጥ ነጣ፣ ደረቀ። ሦስት ጣት ያስገባ የነበረ አፏ አሁን ሁለቱንም በግድ ነው።

ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱ ሐኪም አፏን አይቶ ደነገጠ። «ዛሬውኑ ተዪው። ካልተውሽው አፍሽ እየተቆለፈ ይሄዳል፤ ካንሰርም ሊያመጣብሽ ይችላል» አላትና ለእናቷ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ዝም ብትል ይቀላታል። እናቷ የገዛ እጇን እንደጠላች ትሄዳለች፤ ለመጪው ሐሙስም ሌላ ሎሚ ትገዛለች።

እልፍነሽ ተነሥታ ሹካ ይዛ ተመለሰች። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ በዚህ ብዪ» አለችና ዓይኗን ሰበረች።

ጣይቱ ሹካውን አልተቀበለችም። ከቦርሳዋ ደብዳቤውን፣ ከኪሷ ተከፍቶ የተጠቀለለውን የሱፓሪ ከረጢት አውጥታ ትሪው አጠገብ አኖረች።

«እማዬ፣ እጅሽ አይደለም» አለች። «ወደ መስኮቱ ነይ፣ ብርሃን ባለበት እዪው።»

ከዚያም የሚከፈትላትን ያህል አፏን ከፈተች።