ማንኪያ እና የመጨረሻው ደበርጃን

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም ከረሜላውን ዋጥ አድርጊና ስሚ።

የመጠሪያ ስሟን ሰፈሩ ሁሉ ረስቶታል፤ ማንኪያ ነው የሚሏት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአናጢው ሱቅ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከአባቷና ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሲሮጥ ዝሆን ቆርቆሮ ላይ የሚጨፍር ይመስላል።

ማንኪያ የተባለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ደበርጃን ነፍሷ ነው፤ ያ ወይን ጠጅ ቆዳ ያለው አትክልት! ቢተዉአት አንድ ጋሪ ሙሉ በልታ ጋሪውን ትልሰዋለች። አሠራሩን ያስተማረቻት አክስቷ ናት። ከሰል ላይ ቆዳው እስኪጠቁር ይጠበሳል፤ ይላጣል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዘይትና ከሎሚ ጋር ይደቆሳል። "ጨውን ሳይቀምሱ ማቅረብ ነውር ነው" ትላት ነበር።

አንድ ሳምንት አክስቷ በትኩሳት ወደቀች። የስፌት መኪናው ዝም አለ፤ ቤቱም አብሮት ዝም አለ። አራት ቀን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። የጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ ለአባትየው ቁርጡን ነገረችው።

"እስከ ማታ የሆነ ነገር ከበላች ጥሩ። ካልበላች ግን ነገ እንዳትል፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል አስገባት።"

ያን ጊዜ አክስቷ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። "ደበርጃን አማረኝ" አለች።

አባቷ በደስታ የሚይዘውን አጣ። "ሰማሽ ማንኪያዬ? ጓሮ አንድ ቀርቷል፤ የመጨረሻው ነው። አደራ!" ብሎ ወደ ሥራው ሮጠ።

ማንኪያ ጠበሰች። ሽታው ግድግዳ በስቶ ሲገባ አናጢው ምስማሩን ትቶ ጣቱን መታ። ላጠች፤ ደቆሰች። ጨው ጨምራ ቀመሰች።

"ትንሽ ይቀረዋል።"

ጨመረች፤ ቀመሰች። ሎሚው ደረሰ ወይ ብላ ቀመሰች። ዘይቱ ተስማማ ወይ ብላ ቀመሰች። አቀማመሷ ልክ ነው ወይ ብላም ቀመሰች! እናንተ እንዲህ አታደርጉም፣ አይደል? ለምን ትስቃላችሁ ታዲያ?

በመጨረሻ የያዘችው የብረት ማንኪያ ሳህኑን ጫረ። ቂው! ባዶ።

"ደረሰ እንዴ፣ የኔ ልጅ?" አለች አክስቷ ከውስጥ።

"ትንሽ ይቀረዋል፣ አክስቴ።"

አክስቷ ጠብቃ ጠብቃ እንቅልፍ ወሰዳት።

ማታ አባቷ ከበር ሳይገባ፣ "በላች?" አለ።

"በላች፣ አባዬ።"

"ብዙ?"

"ሳህኑን ጠርጋ!"

አባቷ ኮፍያውን ወደ ጣሪያ ወረወረ። "ተመስገን! ጠግባ ነዋ እንዲህ የተኛችው!" አለና ጋደም ብሎ አንኮራፋ።

ማንኪያ ግን አልተኛችም። ብትናገር ገና ጊዜ ነበራት። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። "ጠዋት እነግረዋለሁ" አለች።

ጠዋት አክስቷ ቢጠሯት አትሰማም።

"ትናንት በልታ የለ እንዴ!" አባቷ ጮኸ።

"አልበላችም። እኔ ነኝ የበላሁት።"

አባቷ አልመታትም፤ አልተቆጣትምም። ፊቱን አዙሮ አክስቷን ከአልጋው አነሳ። ምነው በመታኝ አለች ማንኪያ።

በአናጢው ጋሪ ጭነዋት ወደ ሆስፒታል ሮጡ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "ምነው ትናንት ማታ ባመጣችኋት!"

ማንኪያ ስድስት ቀን ኮሪደር ላይ አለቀሰች። እንባዋ ባልዲ ሞላ ቢባል ማጋነን ነው፤ ግማሽ ባልዲ ግን አያንስም። በሰባተኛው ቀን አክስቷ ነቃች። ማንኪያ አንዲት ሳታስቀር ነገረቻት።

"እጅሽን አምጪ" አለቻት አክስቷ። አሸተተችው። "አይ! ሽታው እንኳ አልቀረልኝም። ጨውስ ልክ ነበር?"

"ልክ ነበር፣ አክስቴ።"

"እንግዲያው ሙያውን አውቀሻል። የቀረሽ ሆድሽን ማወቅ ነው" ብላ ይቅር አለቻት፤ ግንባሯንም ሳመቻት።

አክስቷ ወደ ቤት ተመለሰች። ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ይንቀጠቀጣል፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር አያስገባም። የስፌት መኪናውን ጨርቅ አለበሱት። ከዚያ ወዲያ ዝሆኑ አልጨፈረም።

በዓመቱ የጓሮው ደበርጃን አፈራ። ማንኪያ ጠበሰች፣ ላጠች፣ ደቆሰች። ጨውን አንዴ ብቻ ቀመሰች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ያ እጅ ምግብ ስለማይዝ፣ አክስቷን በእጇ አበላቻት፤ ሳህኑ ቂው እስኪል ድረስ።

ልጆች፣ እግዚአብሔር ንስሐ የገባን ይቅር ይላል፤ ይቅርታ ግን ያለፈችውን ማታ አይመልስምና፣ በአደራ የተሰጣችሁን አትንኩ፤ ከነካችሁም ሳይመሽ ተናገሩ።