አቀበት ያቃተው ፒክአፕ

የዓለምነህ ሬሳ ከገደሉ ሲወጣ ሚስቱ ወለተሥላሴ አላለቀሰችም። የሰቆጣ ከተማ ይህን አየችና ወሬዋን ጀመረች፤ ወሬ ምን ገዷት! የአንድ ድርጅት ሾፌር የነበረው ባሏ ወደ ኒሯቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከአቀበቱ ጫፍ፣ ከነፒክአፑ ተከስክሶ ሞቷል። ከሞተሩ ላይ አንድ ሽቦ ተነቅሎ ተገኝቷል። ነቃዩ መካኒኩ ካሤ ነው ተብሎ ታስሯል። ካሤ ደግሞ የወለተሥላሴ ታላቅ ወንድም ነው። ታዲያ እሷ ለማን ታልቅስ?

ጉዳዩን የተረከበችው ኢንስፔክተር ያለምዘውድ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ስብርባሪው ነበር። ሽቦው አልተቆረጠም። ጫፉ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎ ከአንድ ቱቦ ጋር በወግ ታስሯል።

«ሊገድል የመጣ ሰው እንዲህ አሳምሮ ያስራል እንዴ?» አለችው አብሯት ላለው ፖሊስ።

እሷ ጎንበስ ብላ ማርሹን አየች፤ አልገባም፣ ፍሪ ላይ ነበር። ይህንንም በልቧ ያዘች።

ካሤን ጣቢያ አገኘችው። ቀና ብሎ አላያትም።

«ሽቦውን ነቅለሃል?»

«ነቅያለሁ።»

«ለምን?»

«የዚህ መኪና ሞተር እንደ ድሮዎቹ አይደለም። ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ እንደ ፍጥነቱ ራሱ ይቀያይራል፤ ቀስ ሲል አንድ ዓይነት፣ ሲፈጥን ሌላ። ያንን የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዓለምነህ ግን የጭነት መኪና ልማዱ አልለቀቀውም። አበርገሌ ቆላ ሲወርድ ወፍራም ዘይት ካልሞላ አያምንም፤ ‹በዚያ ሙቀት ቀጭን ዘይት ውኃ ነው› ይላል። ወፍራሙ ዘይት ይህን የሚቀያይረውን መቆጣጠሪያ አጣበቀው። ሞተሩ በቆመበት እየጠፋ ሲያስቸግረው፣ ዕቃው ከወልድያ እስኪመጣ ብዬ ሽቦውን ነቀልኩለት።»

«ተነቅሎ ይሄዳል?»

«ይሄዳል፤ ጉልበት ግን የለውም። የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩን እንዳይፈጥን ያግደዋል።»

«ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«‹ነቅለሃል ወይ?› አሉኝ፤ ‹አዎ› አልኩ። ከዚያ ወዲያ የሰማኝ የለም።»

ሲከሰከስ አየሁ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በእውቀቱ፣ የዚያው ድርጅት ሁለተኛ ሾፌር።

«ዘመድ ጠይቄ አቀበቱ ጫፍ ላይ መኪና እየጠበቅሁ ነበር» አለ። «ከታች ሲመጣ አየሁት። ኧረ እንዴት ያለ መብረር ነው! አንዱን አይሱዙ አቧራ አልብሶት አለፈ። ኩርባው ላይ ሲደርስ መሪው እምቢ አለው። ገባ፣ በቃ።»

ዓይኑን በእጁ ጠረገ። ዓይኑ ደረቅ ነበር፤ የወለተሥላሴም ደረቅ ነውና በዚህ ብቻ አይፈረድበትም።

ያለምዘውድ ለቅሶ ቤት ገብታ ከወለተሥላሴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ኒሯቅ ምን ሊሠራ ነበር?»

«ለዕርቅ። ክረምት ላይ አበርገሌ አንድ አዛውንት በመኪና ተገጭተው ሞተዋል፤ የገጫቸው አልታወቀም። መኪናውን ዓለምነህ አልነዳም፤ ከነዳው ሰው ጎን ተቀምጦ ነበር። በሽማግሌዎቹ ፊት ሊናገር ነበር የሄደው።»

«የነዳው ማን ነው?»

«‹መስቀል ፊት ነው የምናገረው› አለኝ። እኔም አልገፋሁትም።»

«ለምን እስካሁን አልተናገርሽም?»

«የጠየቀኝ የለም።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ያለምዘውድ እጅግ አዘነችላት።

በማግስቱ ወለተሥላሴን፣ በእውቀቱንና ካሤን አቀበቱ ሥር ሰበሰበቻቸው። ካሤ እጁ በሰንሰለት ነው። ከሌላ መሥሪያ ቤት ልክ እንደዚያው ያለ ፒክአፕ ተውሳለች። ፖሊሱ ያንኑ ሽቦ ሲነቅል ሁሉም አዩ።

«በእውቀቱ፣ ሾፌር አይደለህ? እስቲ ንዳልን። እንደ ዓለምነህ አብርረው።»

በእውቀቱ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ። መኪናው አቃሰተ፣ ዳገቱን እየቧጠጠ ወጣ። ሸክም የጫኑ አህዮች ሊቀድሟቸው ምንም አልቀራቸውም።

ጫፉ ላይ ወረዱ።

«ታዲያ ዓለምነህ እንዴት በረረ?» አለች ያለምዘውድ። «አይሱዙውንስ በምን ቀደመው? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ በእውቀቱ!»

«ምናልባት... ከሩቅ ስለሆነ...»

«ቀስ ብሎ ሲመጣ አይተኸዋል። በፈቃዱ የዘገየ ነው የመሰለህ። ለመከስከሱ ምክንያት ስትፈልግለት ፍጥነት ጨመርክለት። የተነቀለው ሽቦ ጉልበት እንደሚያሳጣው አታውቅም ነበር። ማርሹ ፍሪ ላይ ነው፤ ማን ነው ፍሪ አድርጎ አቀበት የሚወጣ? ቆሞ የተገፋ መኪና ነው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ምቱ ከማጅራቱ ነው ብሏል፤ እንደ ድንጋይ ያለ ነገር። ዓለምነህ ሊናገርበት የሄደው ሰው ደግሞ ከጎኑ ሆኖ ሲነዳ አዛውንቱን የገጨው ነው። ከዓለምነህ ሌላ ድርጅቱ ስንት ሾፌር አለው?»

በእውቀቱ ወለተሥላሴን አየ፤ እሷ ገደሉን ታያለች።

«አስቁሜ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት» አለ። «ልጆቼን አስበህ ተወኝ አልኩት። ‹አዛውንቱ በሕልሜ እየመጡ አላስተኛ አሉኝ፣ በእውቀቱ› አለኝ። ፊቱን አዞረ።»

«ከዚያስ?»

«ድንጋይ አነሳሁ።»

ወሰዱት። ፖሊሱ የካሤን ሰንሰለት ፈታ። ካሤ የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ፤ ነጻ የወጣ ሰው አይመስልም ነበር።

ወለተሥላሴ ወደ እሱ ቀረበች።

«አምኜ ነበር» አለች። «ባሌን የገደልከው አንተ ነህ ብዬ አምኜ ነበር፣ ወንድሜ።»

«አውቃለሁ» አለ ካሤ። «ጣቢያ ለታሰረው ሁሉ ከቤቱ ምግብ ይመጣለታል። ለእኔ አንድም ቀን አልመጣልኝም።»

እጁን ያዘችው። አልነጠቃትም፤ መልሶም አልያዛትም።