አራት ተመራቂ በአንድ ዝናብ

የተናደድኩት ገጽ አርባ ሰባት ላይ ነው።

እስከዚያ ድረስ የመመረቂያ ጽሑፉን ወድጄው ነበር። የማስተርስ ተማሪዋ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት ሆና በትምህርት ፈቃድ የምትማር። ነገ ጽሑፏን ስታቀርብ ፈታኟ እኔ ነኝ፤ አማካሪዋ ደግሞ እሱ። እሱ ማለት ከሦስት ወር በኋላ የማገባው ሰው ነው። ተማሪም መምህርም «ጨዋው» ይለዋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። እጮኛሞች አማካሪና ፈታኝ መሆናችን ደንብ አይደለም፤ ግን ግማሹ መምህር ለቆ ሄዷል፤ የቀረነው ሁሉንም እንሆናለን።

ገጽ አርባ ሰባት የዝናብ ሰንጠረዥ ነው። ግርጌው ላይ «በተማሪዋ የተለካ» ይላል። ከአሥራ ሰባተኛው ቀን ትይዩ አሥራ አንድ ነጥብ አራት የሚል ቁጥር ተቀምጧል።

ያንን ቁጥር አውቀዋለሁ። ወላጆቹ እኔና እሱ ነን።

ከሁለት ዓመት በፊት ከትምህርት ክፍሉ ጀርባ የዝናብ መለኪያ ተክለን በየጠዋቱ እንለካ ነበር። አንድ ጠዋት ውሃውን ወደ ብርጭቆው ስገለብጥ «እወድሻለሁ» አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ስለ አየሩ የሚያወራ ይመስል። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሁለታችንም መሬቱን አየን፣ ከዚያ ተያየን።

«አሥራ አንድ ነጥብ አራት ይሁን» አለ በመጨረሻ።

እየሳቅሁ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። በዚያ መዝገብ ውስጥ ያለው ብቸኛ ውሸት እሱ ነው፤ የኔ የደስታ ቀንም እሱ ነው። መዝገቡን ከመሳቢያችን አውጥተን ለማንም አሳይተን አናውቅም። አሁን የኔ ቀን የሰው ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ «በተማሪዋ የተለካ» ተባለ። ደሜ ፈላ።

ጽሑፉን ይዤ አምስት መምህራን ለሦስት ወንበር ወደምንጋፋበት ቢሮ ሄድኩ። ብቻውን ነበር፤ ቆሞ መስኮቱ ደፍ ላይ ፈተና ያርማል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ገጹን አየ። ቁጥሩን አየ። ከዚያ እኔን ማየት አቃተው።

«መዝገቡን ለስንት ሰው ሰጠህ?»

«ለአራት።»

«አራት ሰው በአንድ ዝናብ ልታስመርቅ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ሠላሳ ሁለት ተማሪ ነው ያሸከሙኝ። የኛ መለኪያ አምና ተሰበረ፤ ሌላ ግዙልኝ ብል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እሷም አምስት ወር ሙሉ ግምጃ ቤት ተመላለሰች፤ ነገ ነይ፣ ነገ ነይ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት። ፈቃዷ በዚህ ወር ያልቃል፤ ሳትመረቅ ከተመለሰች ሥራዋም ይሄዳል። ኃላፊው ደግሞ የተመራቂው ቁጥር እንዳይጎድል ብሎኛል። አንጀቴን በላችው፤ ሰጠኋት።»

«ሌሎቹ ሦስቱስ?»

«እነሱም አንጀት ይበላሉ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ትናደጃለሽ ብዬ።»

«ታዲያ አሁን ምን እያደረግኩ መሰለህ?»

ዝም አለ። ዝምታውን ነው የማልችለው። ሠላሳ ሁለት ሰው ሲጭኑበት ዝም፣ ፊርማ ሲያስፈርሙት ዝም። ሰው ጨዋነት ይለዋል፤ እኔ ፍርሃት እለዋለሁ።

«ነገ ካሳለፍኳት፣ አብሬህ ዋሽቼ ነው የማገባህ። እውነቱን ከተናገርኩ እሷም ትባረራለች፣ አንተም ትባረራለህ። የቱን ትመርጥልኛለህ?»

ብዕሩን አንሥቶ ወደ ፈተናው ተመለሰ።

በማግስቱ ኃላፊው መሃል ተቀምጦ፣ ተማሪዋ ጽሑፏን አቀረበች። ተራዬ ሲደርስ ጠየቅኋት።

«የአሥራ ሰባተኛውን ቀን ዝናብ እንዴት እንደለካሽ ንገሪን።»

እሱን አየችው። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ዓይኖቿ እንባ ሲያቀሩ ራሴን ጠላሁት፤ ንዴቴ የእሷ ዕዳ አልነበረም።

ያን ጊዜ እሱ ተነሣ።

«እሷን ተያት» አለ፤ ድምፁ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። «መረጃው የኔ ነው። ለአራት ተማሪዎች ሰጥቻለሁ። ጥፋት ነው፤ አጥፍቻለሁ። ግን መለኪያ የነፈገንም ሰው እዚሁ ተቀምጧል።» ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ቁጥር ደግሞ ፈጠራ ነው። ብርጭቆው ከእጄ ወድቆብኝ ብቻዬን ነው የጻፍኩት።»

ከእጄ። ብቻዬን። በዚያች ሰዓት እንኳ እኔን ለመሸፈን ይዋሻል። ወደድኩትም፣ ተናደድኩበትም፤ ንዴቱ ቀደመ።

«ውሸቱን ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። «የወደቀው ከኔ እጅ ነው። ቁጥሩን እሱ አለ፣ እኔ ጻፍኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሁለታችንም ስም ይግባ።»

«ምን አስጣለሽ?» አለ ኃላፊው፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ።

«እወድሻለሁ ብሎኝ ነው።»

ተማሪዋ ፊቷን በወረቀቷ ሸፈነች፤ ታልቅስ ትሳቅ አልለየሁም።

ቃለ ጉባኤው ወደ ላይ ወጣ። ለአራቱም ተማሪዎች የስድስት ወር ጊዜ ተጨመረላቸው፣ የተማሪዋም ፈቃድ ተራዘመ። ግምጃ ቤቱ ሲፈተሽ ስምንት የዝናብ መለኪያ ከነካርቶኑ ተገኘ። ስምንት። ኃላፊው ምንም አልሆነም። እጮኛዬ ዕድገቱ ተከልክሎ ለአንድ ዓመት ከማማከር ታገደ፤ ለኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ።

ደብዳቤዎቻችንን ይዘን ደረጃውን ስንወርድ መሃል ላይ ቆመ።

«ታረቅን?»

«አልታረቅንም።»

«ሠርጉስ?»

«ሠርጉ ምን አጠፋ?»

«እንዲህ ተናደሽብኝ?»

«ታዲያ ሌላ ሰው አግብቼ ባንተ ስናደድ ልኑር?»

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ንዴቴ አልበረደም ነበር፤ እንደተናደድኩ እጁን ያዝኩትና ወረድን።