ያልሰመጠው ምሰሶ

ከአቃቂ ወዲያ ባለው ጥቁር መረሬ መሬት ላይ ኢንጂነር ይርዳው የመሠረት ምሰሶ ሊፈትን እንደ ልማዱ በማለዳ ተገኘ። ምሰሶው ሥሩ እንደ ደወል የሰፋ ነው፤ ጉድጓዱ በማሽን ከተቆፈረ በኋላ የእህቱ ባል ደጀኔ በገመድ ወርዶ ታችኛውን ክፍል በአጭር ዶማ አስፍቶታል። ሲወጣ፣ «አፈሩ ራሱ እየሸሸ ሰፋልኝ» ብሎ ሁሉንም አስቆ ነበር። ኮንክሪት ሲሞላ ግን ጉድጓዱ የስሌቱን እጥፍ ጠጣ፤ ይርዳውም ደጀኔ ከልኩ አልፎ ቆፍሮ ይሆናል ብሎ ተወው።

አሁን በምሰሶው አናት ላይ ትልቅ ክሪክ ተቀምጧል፤ ከክሪኩ በላይ ወፍራም ብረቶች ተጋድመዋል፤ በብረቶቹ ላይ የኮንክሪት ብሎኮች የቤት ቁመት ያህል ተቆልለዋል። ካፖው ሽብሩ ፓምፑን በገፋ ቁጥር ክሪኩ ቁልሉን ተደግፎ ምሰሶውን ወደ መሬት ይጫናል፤ ደጀኔ ከቁልሉ ሥር ተንበርክኮ ምሰሶው ምን ያህል እንደ ሰመጠ ከመለኪያው መርፌ ያነባል። የይርዳው እህት ጠዋት ሁለቱን ስትሸኛቸው፣ «ወንድምዬ፣ ባሌን አደራ» ብላው ነበር።

«ስንት አለ?» ሲል ይርዳው ጠየቀ።

«ንቅንቅ አላለም።» ደጀኔ ሳቀ። «አማቼ፣ ምሰሶህም እንዳንተ ግትር ነው!»

ይርዳው አልሳቀም። ምሰሶ ሲጫን ትንሽም ቢሆን ይሰምጣል፤ ጨርሶ የማይሰምጥ አይቶ አያውቅም። ካፊያ ወርዶ መሬቱን ማራስ ሲጀምር፣ ከምሰሶው ዙሪያ ካለው ስንጥቅ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት የታመቀ፣ የሞቀ ሽታ ተነሣ፤ ከሽታው ሥር ደግሞ ጥርስ እንደ ማፋጨት ያለ፣ ከጆሮ ይልቅ በጫማ ሶል የሚሰማ ድምፅ ነበር።

«መርፌው ወደ ኋላ እየሄደ ነው» አለ ደጀኔ፤ ሳቁ ጠፍቷል።

«ሽብሩ፣ አቁም!»

«ካቆምኩ ቆየሁ እኮ፣ ኢንጂነር።»

«ደጀኔ፣ ውጣ! ምሰሶው ወደ ላይ እየመጣ ነው!»

ይርዳው ሮጦ የክሪኩን ዘይት ማፍሰሻ ከፈተ። ዘይቱ ጭቃው ላይ ተንዠቀዠቀ፤ ግፊቱ ግን በመውረድ ፈንታ ጨመረ፣ የግፊት መለኪያው መስታወት ፊቱ ላይ ፈነዳ፤ በዚያው ቅጽበት ምሰሶው አፈሩን ሰንጥቆ ተነሣና ብረቶቹን አጣመመ፤ ብሎኮቹም እየተገለባበጡ ደጀኔ ላይ ወረዱ። ጩኸቱ መሐል ላይ ተቆረጠ። ከፍርስራሹ ሥር ደም ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ።

ይርዳው በደረቱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ በብሎኮቹ መሐል ባለ ክፍተት አስገባ። የተሰባበረ ብረት ሥጋውን ሸረከተው፤ እሱ ግን ዳበሰ፣ በጭቃ የተለወሰ እጅ አገኘ፤ እጁም ያዘው።

«አይዞህ፣ ይዤሃለሁ! እንዳትለቀኝ!» እያለቀሰ ጎተተ። ትከሻው ተንቋቋ፣ ከቦታውም ወለቀ፤ አለቀቀም።

«ኢንጂነር!» የሽብሩ ድምፅ ከቁልሉ ወዲያ ማዶ መጣ። «በዚህ በኩል አወጣነው! እግሩ ደቋል፣ ነፍሱ ግን አለች!»

«አማቼ...» አለ ደጀኔ እዚያው ማዶ ሆኖ፣ እያቃሰተ። «አማቼስ የት አለ?»

ይርዳው ክንዱን ሊመልስ ሞከረ፤ ከሥር የያዙት ጣቶች ግን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ ክርኑ ወጡ።