ስድሳኛው ቤት

ይህ ተረት አይደለም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ በእኔ በደረጄ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው... እኔን ሰው አምኖኝ አያውቅም፤ ለምጄዋለሁ።

የሚያስፈራው ጨለማ ብቻ ነው የሚል ሰው የሮቢትን ቀትር አያውቅም። ውሻ እንኳ መኪና ሥር ገብቶ ምላሱን አውጥቶ የሚተኛበት ሰዓት ነው። መንገዱ ጭር ይላል... ቆርቆሮው ብቻ በሙቀት ቋ... ቋ... ይላል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ለአባታችን ሁለት ወንዶች ነበርንለት። "አንዱ ይማር፣ አንዱ ይረስ" አለ። እኔ ታላቁ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ አረስኩ። ዮናስ ተማረ። ዛሬ እኔ ደሴ መንገድ ዳር ጎማ እጠግናለሁ፣ እሱ መምህር ነው። ዲግሪውን ከያዘ ወዲህ "ጋሼ" የሚለኝ የሆነ ነገር ሲፈልግ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት "ጋሼ" አለኝ።

ማስተርሱን እየሠራ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያስተምራል። ቅዳሜና እሁድ ጣርማ በርን አልፎ ደጋ ላይ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ይወጣል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ የመመረቂያ ጥናቱ ላይ ይተከላል። ቤዛዊት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለችው። ጠረጴዛውን ወረቀት ስለያዘው ምሳዋን መሬት ቁጭ ብላ ነው የምትበላው። "አባዬ" ስትል መልሱ "እሽሽ!" ነው።

ሚስቱ ውባለም አንድ ቀን እኔው ፊት ፈነዳች።

"ይሄን ወረቀት ወይ ጨርሰው፣ ወይ አግባው!"

ጥናቱ ስለ ቆላ የመጠጥ ውሃና ስለ ቤተሰብ ጤና ነው። ስድሳ ቤት ተዙሮ መጠይቅ መሞላት አለበት። እሱ ጊዜ የለውም።

"ጋሼ፣ አንተ ቀወት ወረዳን ቤት ለቤት ታውቀዋለህ። አንብቦ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ስምንተኛ ክፍል ይበቃዋል።"

ስምንተኛ ክፍል ይበቃዋል...

መጠይቁን ከነሐምራዊ የአሻራ ቀለሙ ተቀበልኩ።

ወዲያው አንድ የሥራ ባልደረባው ገባ። እኔን አየና "ማናቸው?" ብሎ ጠየቀው። ዮናስ ቀና አለ። የጎማ ጥቀርሻ ያለበትን ሸሚዜን አየ።

"መረጃ ሰብሳቢዬ ነው" አለ።

ወንድሜ ነው አላለም።

በማግስቱ የማንንም ደጅ አልረገጥኩም። ከሮቢ ወንዝ ማዶ አንድ ማንጎ ዛፍ ሥር ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩና ስድሳውንም ቤት ከራሴ ፈጠርኩት። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ስልክ ቁጥሩን... አፌ ላይ የመጣልኝን። መፈረም ለማይችል የጣት አሻራ ይላል፤ በሐምራዊው ቀለም አሥሩንም ጣቴን አዳረስኩ። የእጄ ሲያልቅብኝ የእግሬን ጣቶች ጨመርኩ።

የመጨረሻው ጥያቄ "ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ከቤቱ የሞተ ሰው አለ?" ይላል።

እንደ ስሜቴ ገደልኩ። ቁጥር አሥራ አራት ላይ ከዲጃ የምትባል ሴት ፈጥሬ ሦስት የሞተ ልጅ ጻፍኩባት። ለምን ሦስት? እንጃ። ዝንብ ሦስት ጊዜ እጄ ላይ አርፋብኝ ነበር።

ስድሳኛው ላይ ስደርስ ሐሳብ አለቀብኝ። ያን ጊዜ "መረጃ ሰብሳቢዬ ነው" ያለው ትዝ አለኝ...

አባት፦ መምህር። ልጅ፦ አንድ፣ ሴት፣ ስድስት ዓመት። የሞተ፦ ልጅቷ። ምክንያት የሚለው ላይ "ከውሃ ጋር የተያያዘ" የሚል ሳጥን ነበር፤ እሱ ላይ ምልክት አደረግኩ። የተሞላበት ሰዓት፦ ስድስት ከሩብ።

አውራ ጣቴን ጫንኩበትና ሳቅሁ።

ግን... የሳቅሁት ብቻዬን አልመሰለኝም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ዮናስ ጎሚስታዬ ድረስ መጥቶ ከነቅባቴ አቀፈኝ።

"ጋሼ! አማካሪዬ ሊያጣራ አሥር ቤት ደወለ። አሥሩም አነሱ!"

"ምን... አነሱ?"

"አመሰገኑህ እንጂ! 'ዛፍ ሥር ጫማውን አውልቆ ሲጽፍ ከጎኑ ተቀምጠን ነበር' አሉት።"

የያዝኩት ጎማ ከእጄ ወደቀ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ከሩብ።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ከዲጃ ነኝ... ቁጥር አሥራ አራት።"

የደከመ ድምፅ ነው። ከኋላዋ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብ... ጠብ...

"ሦስት ብለህ ጻፍክብኝ፣ ወንድሜ። እኔ የቀበርኩት ሁለት ነው።"

"እ... እትዬ..."

"ሦስተኛዋን ከየት ላምጣ?"

ተዘጋ።

መልሼ ደወልኩ። እንዲህ የሚባል ቁጥር የለም አለኝ።

ሦስተኛዋ... ስትል የማን ልጅ ፊት እንደመጣብኝ መናገር አያስፈልገኝም። ሮጬ ዮናስ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ስድሳኛውን ወረቀት ከክምሩ ጎትቶ አነበበ። አንዴ... ሁለቴ... ፊቱ አመድ መሰለ። በጥፊ ያጠናግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይገባኝም ነበር።

ቤዛዊት በሩ ላይ ቆማ "አባዬ" አለች።

"እሽሽ!" አላት።

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ።

"ስሟን አልጻፍክም አይደል?"

"አልጻፍኩም።"

"በቃ። ይቀመጥ።"

"ዮናስ... ልጅህ ናት እኮ!"

"የፊታችን ሐሙስ ፈታኞች ፊት እቆማለሁ! ስድሳ ብዬ ጽፌ ሃምሳ ዘጠኝ ላቅርብላቸው? ወረቀት ሰው አይገድልም፣ ደረጄ።"

"ጋሼ" ቀርታለች።

ሐሙስ ጠዋት ባልና ሚስት ለፈተናው ወደ ደጋ ወጡ። ውባለም ምንም አታውቅም። ልጇን እኔው ዘንድ ትታ፣ ግንባሯን ስማ ሄደች።

እኔም በልቤ "ዛሬ አሳየዋለሁ" አልኩ። አባቷ ለወረቀት የሸጣትን ልጅ የማተርፍለት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍሉ!

በርሜሉን ደፋሁ። ጀሪካኖቹን ደፋሁ። ጎማ የምፈትሽበትን ገንዳ ገለበጥኩ። ጠበሉን ሳይቀር ከጠርሙሱ አፈሰስኩት። ቧንቧውን ከቆጣሪው ላይ ዘጋሁ። ልጅቷን ከጎሚስታዬ ጀርባ ካለችው የቆርቆሮ ክፍሌ አስገብቼ ቆለፍኩባትና ቁልፉን ጨብጬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ውሃ በሌለበት ውሃ አይገድልም።

ሦስት ሰዓት ላይ፦

"ጋሼ ደሬ፣ ውሃ ጠማኝ።"

"ኋላ።"

አምስት ሰዓት ላይ፦

"ጋሼ ደሬ... ትንሽዬ። በክዳን።"

"አይሆንም አልኩሽ!"

"እሺ ማንጎ?"

"ማንጎም ውሃ ነው።"

ቆርቆሮው በእጅ አይነካም ነበር። በሩን በጥፍሯ መቧጨር ጀመረች። አልከፈትኩም። ለማትረፍ ነው... እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ጥቂት ደስ ብሎኝም ነበር። የዮናስ ልጅ እኔን ስትለምን።

ስድስት ሰዓት ሆነ።

መቧጨሩ ቆመ።

ከዚያ ሹክሹክታ ሰማሁ።

"ቤዚ... ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከእትዬ ከዲጃ ጋር።"

ያን ስም ነግሬያት አላውቅም።

"ም... ምን ትልሻለች?"

"ስንት ዓመትሽ ነው አለችኝ።"

"እንዳትመልሺላት! ዝም በይ!"

"ስድስት አልኳት።"

ቆርቆሮው እያቃጠለኝ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ከውስጥ ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ። ከእንስራ ወደ ጣሳ፣ ቀስ ተብሎ። ከዚያ ልጅ ስትጎነጭ... ስትተነፍስ... ደግማ ስትጎነጭ።

"አይዞሽ፣ ጠጪ" አለ የደከመው ድምፅ። "ለልጅ ውሃ ይከለከላል?"

ብድግ አልኩ። የቁልፉን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ሳትኩት። በአራተኛው ከፈትኩ።

ክፍሉ ባዶ ነው።

መስኮት የለውም። ሌላ በር የለውም።

ወለሉ ግን ረጥቧል። ጠብታ ውሃ ባላስቀረሁበት ቤት ውስጥ፣ የልጅ እርጥብ ዱካ ከበሩ ሥር ተነስቶ ወደ ጀርባው ግድግዳ ይሄዳል። ከጎኑ የትልቅ ሴት ዱካ። ከኋላቸው ደግሞ የሁለት ሌሎች ሕፃናት... ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ሁሉም አበቁ።

ስልኬ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ከሩብ።

"ጋሼ! አለፍኩ ጋሼ! ቤዚን አገናኘኝማ፣ እኔ ራሴ ላብስራት!"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

"ጋሼ? ትሰማኛለህ?... ወንድሜ?"

ግድግዳው ላይ፣ በስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ልክ፣ አንድ ሐምራዊ አሻራ አለ። አውራ ጣት። ትንሽዬ።

ቀለሙ ገና አልደረቀም።